ምስጢሬ ያለችኝ ሙሽራ

ባለፈው የካቲት፣ በእትየ ጠጅቱ ሙት ዓመት ዕለት፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ሙሉ ከሳጥን አንድ አሮጌ ነጠላ አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ጥለቱ ድሮ ደማቅ ቀይ ነበር፤ አሁን ወይቧል። ብል ግን አልነካውም፤ ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸታል። ገና ሳየው አወቅሁት።

«ከመሞቷ በፊት ‹ይኸን ለሷ ስጣት፤ ነገሩን ታውቀዋለች፤ ብትነግርህም ባትነግርህም ፈቃዷ ነው› ብላኝ ነበር» አለኝ። «ለቅሶው ይብረድ ብየ ነው ያቆየሁት። እንግዴህ ዓመት ሙሉ ሳሰላስል ከረምሁ። ምንድን ነው ነገሩ?»

እትየ ጠጅቱ ሚስቱ ነበረች። እኔ ታናሽ እህቱ አትጠገብ ነኝ፤ ለሙት ዓመቷ ከማስተምርበት ከመራዊ ወደ ቡሬ መምጣቴ ነው። መልሱ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የኖረ ነገር ነውና እንዲህ በአንድ ጊዜ አልወጣ አለኝ።

ልጅ እያለሁ በኛ አገር ሙሽራ የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራም ነበር። ነውር ነው። ከአማቶቿ ጀምሮ እስከ ቤቱ ትንሽ ልጅ ድረስ ለእያንዳንዱ የራሷን ስም ታወጣለች፤ በዚያ ስም የምትጠራውም እሷ ብቻ ናት። ይህን ለእኩዮቼ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ልጆቼ ግን ሳወራላቸው ተረት ስለሚመስላቸው ነው እዚህ መጻፌ።

እትየ ጠጅቱ በሚያዝያ ከአገው ምድር በበቅሎ መጣች። ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሳቋ ከማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች፤ ያን ሳቅ የሰማነው ግን ቆይተን ነው። አማርኛዋ የናቷን ቋንቋ ዜማ ይዞ ነው የሚወጣው። በሠርጉ ማግስት አንድ እንግዳ አነጋገሯን እያስመሰለ ሰውን ሲያስቅባት አባቴ «ልጄን ተዋት!» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ «አባ መከታ» ሆነ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ማር በእጇ ስለምታጎርሳት «እማ ወለላ» ተባለች። መካከለኛው ወንድሜ ደሳለኝ ያን ሁሉ መንገድ ከበቅሎዋ ጎን እየሄደ ጃንጥላ ስለያዘላት «ጥላዬ» አለችው፤ ደሳለኝም በዚያ ስም ወር ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ከረመ።

እኔ ቀረሁ። እኔን የምትለኝ «ልጂቱ» ነው። ልጂቱ ውሃ አቀብይኝ፣ ልጂቱ ዶሮዋን እሽ በያት። ልጂቱማ ማንም ናት! የጎረቤታችን ልጅ ይታይሽ የወንድሟ ሚስት «ብርቄ» ትላታለች፤ ሱዚ ስንዘል በተሸነፈች ቁጥር ብርቄነቷን እያነሳች ታቃጥለኛለች። ትዕግሥቴ ሲያልቅ አንድ ቀን ጎመን ስትቀነጥስ አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኋት።

«ስም ምክንያት ይፈልጋል» አለችኝ። «ያንች ምክንያት ገና አልመጣም።»

ምክንያት ላመጣ ብዬ ያላደረግሁት የለም። ማንም ሳያዘኝ ውሃ ልቀዳ ወረድሁና እንስራ ሰበርሁ። ጸጉሯን ልቀባት ብዬ እናቴ ለገበያ ያስቀመጠችውን ቅቤ ጨረስሁ። እናቴ አለንጋ ይዛ ስትፈልገኝ እትየ ጠጅቱ ከጀርባዋ ደበቀችኝ፤ ስም ግን አልሰጠችኝም። በመጨረሻ ዋሸሁ። ለይታይሽ «ወርቄ ብላኛለች» አልኋት። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል፤ የኔው ከቤት ሳይወጣ ጎረቤት ተቀበለውና መንደሩ ሁሉ ወርቄ ይለኝ ጀመር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ይታይሽ፣ እትየ ጠጅቱ እንስራዋን አዝላ ስታልፍ እየሰማች፣ «ወርቄ! ተራሽ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እትየ ጠጅቱ ቀና ብላ አየችኝ፤ የገባት ወዲያው ነው። «ወርቄ፣ ሳይመሽ ግቢ እሽ» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ቤት ስገባ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጋ «ለራስ ስም አይወጣም፤ የኔው እስኪመጣ ግን በዚህ ተጫወችበት» አለችኝ። ያን ዕለት ወደድኋት። ስሙንም ከበፊቱ ይበልጥ ፈለግሁት።

የበርበሬ ለቀማ ደረሰ። የኛ አገር ሰው ያን ወራት በአፍንጫው ያስታውሰዋል። ግቢው ሁሉ ቀይ ይሆናል፣ አላፊ አግዳሚው ያስነጥሳል፣ «ይማርሽ» ማለት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ ቡሬ ገበያ ሲሄድ እኔ ሰሌን ላይ የተሰጣውን በርበሬ ከዶሮ እንድጠብቅ ቀረሁ። እትየ ጠጅቱም ራሴን አሞኛል ብላ ቀርታለች።

ዶሮ ሳባርር ከጓሮው በቆሎ ውስጥ ድምፅ ሰማሁና ገባሁ። እትየ ጠጅቱ የሠርጓን ቀሚስ ለብሳ፣ ባለ ቀይ ጥለት ነጠላዋን በዕቃ ሞልታ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን እግሯ ሥር አስቀምጣ ታለቅሳለች። የምታለቅሰው በአገውኛ ነው። እናቷን እየጠራች መሆኑን ለማወቅ ግን ቋንቋ አላስፈለገኝም። ስታየኝ ክው አለች።

«ልጂቱ፣ እናቴ ዘንድ ልሄድ ነው» አለችኝ። «ወንድምሽ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማንም አልበደለኝም። ሆዴ ነው እንቢ ያለኝ። አደራሽን፣ እስክርቅ ድረስ ለማንም አትንገሪ።»

ሙሽራ ኮበለለች ማለት በዚያን ጊዜ ሽማግሌ መላክ፣ ሐሜት፣ የሁለት ቤተ ዘመድ ቂም ነው። ልጅም ብሆን አውቀዋለሁ። እውነቱን ልናገርና በዚያች ሰዓት ለወንድሜም ለእሷም አላዘንሁም። ያዘንሁት ለራሴ ነው። በቆሎው መሐል ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁና ከእሷ ብሼ አለቀስሁ።

«የኔን ስም ሳታወጭልኝ?» አልኋት። «ለሁሉም አውጥተሽ፣ እኔን ልጂቱ እንደተባልሁ ጥለሽኝ ልትሄጅ?»

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። እንባዋ ሳይደርቅ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ ሆዷን ይዛ እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች። ያን ከማዶ የሚሰማ ሳቋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቁ ሲያልቅላት አጠገቤ ተቀመጠችና ብዙ ቆየን። ከዚያ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች፤ አጥብቃው ስለነበር በጥርሷ ጭምር ነው የፈታችው። ውስጡ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ማበጠሪያና ትንሽ መስተዋት ነበር።

«በይ ተነሽ፣ ምስጢሬ» አለችኝ። «ዶሮዎቹ በርበሬውን ጨረሱት።»

«አቤት!» አልሁ። ጎኗ ተቀምጬ መጮህ አያስፈልገኝም ነበር። የጮኽሁት ግን ዶሮዎቹ ግቢውን ጥለው እስኪበሩ ድረስ ነው።

በሳምንቱ እናቴን «ሙሽራዋ እናቷን ብትጠይቅስ?» አልኋት፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። እናቴ አባቴን አሳመነች፤ አያ ሙሉ ራሱ በበቅሎ ወሰዳት። እስክትመለስ በየቀኑ መንገድ ዳር ወጥቼ እጠብቃለሁ፤ ቀርታ እንደሆነስ የሚል ፍርሃት ምግብ ከልክሎኝ ነበር። በስምንተኛው ቀን ከሩቅ ሳቋ ቀድሟት መጣ። ከዚያ በኋላ አምስት ልጆች ወለደች፤ አባ መከታንና እማ ወለላን ጦራ ቀበረች። ያ ነጠላ ከሳጥኗ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም።

ቤተሰቡ «ምስጢሬ ያለችሽ ለምንድን ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ ጊዜ የለም። ይታይሽማ የሱዚ ገመዷን ልትሰጠኝ ሁሉ ለምናለች። ያች ወሬኛ ልጅ፣ ማለትም እኔው፣ ያልተሰጣትን ስም እንኳ ያወራች፣ የተሰጣትን ስም ምክንያት ለማንም ሳትናገር አደገች። እትየ ጠጅቱ በሠርጌ ቀን በዚያ ስም ጠራችኝ። መምህርት ሆኜ የመጀመሪያ ደመወዜን ሳመጣላት በዚያው ስም መረቀችኝ። ስልክ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሰላምታዋ «ምስጢሬ፣ አለሽ?» የሚል ነበር።

በሙት ዓመቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ከለቅሶው ሳቁ በዝቶ ዋለ። ለካ ከኛ ቤት አልፋ ለመንደሩም ስም አድላ ኖሯል። የማኅበር ጓደኛዋ አንዲት ባልቴት ተነሡና «እኔን እቴ ችኩል ነበር የምትለኝ፤ አንድ ጊዜ ጠላየ ሳይደርስ ለማኅበር ባቀርብ ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ!» ብለው ሰውን በሳቅ አፈረሱት። ደሳለኝ፣ አሁን ራሱ ገብስማ ሆኗል፣ «ጥላዬ የሚለኝ ቀረ እንግዴህ» አለና እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን ሌላ ነገር ይላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አበው። የኔው ስም ከእሷ አፍ በቀር መኖሪያ ስላልነበረው አብሯት የተቀበረ መስሎኝ ነበር።

እንግዳው ሲሸኝ ነው እንግዲህ አያ ሙሉ ነጠላውን ያመጣልኝ። ለብቻችን ነበርን። ልንገረው አልንገረው ብዬ ብዙ አመነታሁ። ሚስቱን ቀብሮ ዓመት የሞላው ሰው፣ ልትተወው ነበር ተብሎ ይነገረዋል? እሷ ግን ነጠላውን የላከችው አደራዬን ልታነሳልኝ መሰለኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርሁት።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የነጠላውን ጫፍ ሲያሻሽ ቆየ። ምነው አፌን በቆረጠው ብዬ ተጸጸትሁ።

«ያን ቀን ከገበያ ሻሽ ገዝቼላት ነበር» አለ በመጨረሻ። «እያፏጨሁ ነበር የመጣሁት። ባዶ ቤት ልገባ ኖሯል እኮ።» ከዚያ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መስሎኝ ልይዘው ስል፣ እየሳቀ ነው። «እንኳንም ስም አማረሽ!» አለኝ። «እንኳንም አማረሽ፣ እሰይ!»

ዛሬ ስም የምታወጣ ሙሽራ የለችም። የአያ ሙሉ ልጅ ሚስት ፍኖተ ሰላም ባንክ ቤት ነው የምትሠራው። እኔን «አትጠገብዬ» ትለኛለች፤ ደሳለኝንም በስሙ ነው የምትጠራው፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ማናችንም አልተቀየምንም። እናቷ ስትናፍቃት በቆሎ ውስጥ አትደበቅም። ስልኳን ከፍታ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ «እማ ናፍቀሽኛል» ትላለች ሁላችንም እየሰማን። ይህ ይሻላል። የዚያን ቀኑን እንባ ማንም ሙሽራ እንድታለቅሰው አልመኝም። ስሞቹ ናቸው የሚያሳሱኝ።

በማግስቱ አያ ሙሉ በባጃጅ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ነጠላውን ደርቤዋለሁ። መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል እንደ ሁልጊዜው ድንች የሞላ ፌስታል አቀበለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው በደህና ግቢ አለኝ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ወንድሜ ምርኩዙን ይዞ ሁለት እርምጃ ተከተለንና ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

«ምስጢሬ! ስትደርሽ ደውይ!»

«አቤት!» አልሁ። ሾፌሩ ሳይቀር ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።