አምስት የሥራ ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ

ሾንግ ሚንሹ በአጥንት መረቅ የሩዝ ኑድል የምትሸጠው በድሮው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች መኖሪያ በር ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቁርሴን እዚያ በልቻለሁ። ስለዚህ ያን ሰኞ አንድ ነገር እንደሆነች ቀድመው ካወቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሳህኔ ውስጥ ሥጋው በዝቶ ነበር።

ሚንሹን ለማያውቃት ይህ ምንም አይደለም። እሷ ግን ሥጋ የምትቆርጠው መድኃኒት እንደሚመዝን ሰው ነው። ምላሷም እንደ ሥጋው ቢመጠን ኖሮ ግማሹ ሰፈር ባልተቀየማት። "ትንሽ መረቅ ጨምሪልኝ" ያላትን "ወንዙ እዚያ ማዶ ነው፤ ሂድና እስክትጠግብ ጠጣ" የምትል ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ማንንም ሳትዘልፍ፣ እንዲያውም ለእያንዳንዱ "ጠገብክ ወይ?" እያለች አረፈደች።

"ምን ነካት?" አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ጫማ ሰፊ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሐኪም አንድ ነገር ነግሯት እንዳይሆን። ሰው በድንገት ደግ ሲሆን ደስ አይለኝም።"

"የልጇ ስም ተለጥፏል" አልኩት።

"ኧረ?" አለና ገባው። ሥጋውንም ማኘኩን ቀጠለ።

ልጇ ዋን ሉዪ በግል የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። እነዚያ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ትእዛዝ በአንድ ክረምት ሲዘጉ፣ መጋዘን ገብታ የሰው ዕቃ በየአድራሻው ስትለይ ሁለት ዓመት ቆየች። ማታ ማታ ደግሞ ለመንግሥት ሥራ ፈተና ታጠናለች። ሦስቴ ወደቀች። በአራተኛው በወረዳው መዝገብ ቤት ለአንድ ቦታ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተፈትኖ፣ አንደኛ ወጣች። ቃለ መጠይቁን አለፈች፤ የጤና ምርመራውንም አለፈች። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስሟ አምስት የሥራ ቀን በሰሌዳ ላይ ይቆያል። ከሥሩም ስልክ ቁጥር አለ። በዚህች ሰው ላይ የሚናገረው ያለው ይደውላል። እስከ ዓርብ ማታ ማንም ካልደወለ የብረት ሳህን የሚሉት የመንግሥት እንጀራ የሷ ነው፤ ቢወድቅ አይሰበርም። ከተደወለ ደግሞ ሌላ ዕድል የለም፤ በመጋቢት ሠላሳ ስድስት ዓመት ይሞላታል፣ ከሠላሳ አምስት ያለፈ አይፈተንም።

ሚንሹ የተጣላቻቸውን ሰዎች በጣቷ ስትቆጥር ዋለች። ጣቷ ቢያልቅም አንዱ ላይ እየተመለሰች ነበር፦ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ጋሽ ታዎ።

ጋሽ ታዎ ጡረተኛ ነው። ሥራው ወደ ከተማው የአቤቱታ መስመር መደወል ነው። መብራት ቢጠፋ ይደውላል፣ አሮጊቶቹ አደባባይ ሲጨፍሩ ሙዚቃቸው ቢጮህ ይደውላል። ስለ ሚንሹ ምድጃ ጭስ ሁለቴ ደውሏል። በሁለተኛው ጊዜ ሚንሹ በሰው ፊት "ንፋስ ላይ የሚጮህ ውሻ" ብላዋለች።

ማክሰኞ ከሰዓት በጨው የደረቀ ዳክዬ በቀይ ወረቀት ጠቅልላ ወጣች። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፈተላት።

"ምንድን ነው?"

"ዳክዬ ነው፣ ጋሽ ታዎ። እንዲያው በጉርብትናችን ብዬ ነው፤ ይውሰዱት።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ነሽ። ዳክዬው ገና ዛሬ ደረቀ?"

"ኧረ እንደዚያ አይበሉ።"

"አንቱ ማለት ጀመርሽ? አሁንስ ፈራሁሽ። ይዘሽው ውረጂ። ከተቀበልኩ መጻፍ ይኖርብኛል።"

በሩ ተዘጋ። "መጻፍ ይኖርብኛል" ያለው ነገር ግን አብሯት ወረደ። ምንድን ነው የሚጽፈው? ለማን?

ረቡዕ ጠዋት መረቁን ሁለቴ ጨው ጨመረችበት። እኩለ ቀን ላይ ሳህኖቹን ሳታጥብ ስልኳን ይዛ ከግንቡ ጀርባ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ወንበሮቹን ስታነሳ የእኔንም ከሥሬ ልታነሳ ደረሰች።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ሉዪ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርዳ መጣች።

"እማ፣ ደወሉልኝ።"

ሚንሹ ጭልፋው እጇ ላይ እንዳለ ቆመች።

"ጥቆማ ደርሶናል አሉ። ስለ አባዬ ነው፣ ስለ ታሰረበት አምስት ቀን። ነገ ማብራሪያ ይዘሽ ቅረቢ አሉኝ።"

የሚንሹ ባል ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ያኔ ሉዪ ሕፃን ሳለች፣ ሠራተኞቹ አቤት ለማለት ወረዳው በር ላይ ቆመው ነበር፤ እሱና ጥቂት ሰዎች አምስት ቀን ታስረው ተለቀቁ። ሰውየው ስለዚያ ሳምንት አውርቶ አያውቅም። እነማን አብረውት እንደነበሩ ለሚስቱም አልነገራትም።

ሉዪ ገና አልጨረሰችም ነበር፤ እናቷ ግን ደረጃውን ጀምራለች፣ ጭልፋዋን እንደያዘች። እኛም ሳህናችንን እንደያዝን ተከተልናት። ነውር ነው፤ ግን ማንም አልቀረም።

"ውጣ!" ብላ በሩን በጭልፋው መታችው። "በእኔ አልበቃህም? በሙት ትመጣብኛለህ? ልጄ ምን አደረገችህ?"

በሩ በዚህ ጊዜ ሙሉውን ተከፈተ። ጋሽ ታዎ መነጽሩን አድርጎ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዞ ነበር።

"ስልሳ አንድ ጊዜ ደውያለሁ" አለ በእርጋታ። "ስለ ጭስሽ ሁለቴ፤ ይኸው። ስም፣ ታዎ ጓንግሸን። የመታወቂያ ቁጥር። ሰዓት። የሰጡኝ የመዝገብ ቁጥር። ስሜን ሳልሰጥ የደወልኩትን አንድ ካገኘሽ ጭልፋውን በጭንቅላቴ ላይ አሳርፊው።"

"ታዲያ ስለ አምስቱ ቀን ሌላ ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። አጠገቡ ነበር የተኛሁት፣ እህት ሾንግ። ባልሽን ብጠቁም ራሴን ነው የምጠቁመው።" ደብተሩን ዘጋ። "ይህንንም እዚያ ነው የተማርኩት። በር ላይ ከመቆም ደውሎ ቁጥር መቀበል ይሻላል።"

ከጭልፋው መረቅ ደረጃው ላይ ጠብ ይላል።

"ሉዪ፣ ደዋዩ ወንድ ነው ሴት?" አላት ጋሽ ታዎ።

"ሴት ናት አሉኝ። 'አባትየው ድሮ አምስት ቀን ታስሮ ከነበረ ለልጅቷ ችግር ያመጣል ወይ' ብላ ጠየቀች አሉ። ስሟን ሲጠይቋት ዘጋችው።"

"መቼ?"

"ትናንት፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ።"

ጋሽ ታዎ ወደ ሚንሹ ዞረ። "ጠረጴዛሽን ስንት ሰዓት ነው የምታነሺው?"

ሚንሹ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"እኔ አልጠቆምኩም" አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር። "ሰው ደውሎ እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቅሁት። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ደግሞ ትሑት ናት። ስለ የትኛዋ ነው አለችኝ፤ ነገርኳት። ምን አሳሰበዎት አለችኝ፤ ነገርኳት። ስምዎትስ ስትለኝ ነው የደነገጥኩት።"

"ማንም አልደወለም ነበር፣ እማ" አለች ሉዪ። "እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድም ሰው።" አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

"ልቅሶውን ኋላ" አለ ጋሽ ታዎ። "ስም የሌለው ጥቆማ ባለቤት እስኪገኝ ወር ሙሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይንከራተታል። ባለቤት ካገኘ ቶሎ ይዘጋል። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ስምሽን ትሰጫለሽ። የጠየቁሽን ትመልሻለሽ። ሥጋ አትጨምሪ።"

ዓርብ ጠረጴዛዋ አልተዘረጋም፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሉዪ ማብራሪያዋን ለብቻዋ አስገባች። ቢሮ ውስጥ የሆነውን ሚንሹና ጋሽ ታዎ ለየብቻ ነግረውኛል፤ ቃላቸው አንድ ነው።

"እትዬ፣ ለምን ነበር የደወሉት?" አላት ወጣቱ ጸሐፊ።

"የደወለ ሰው እንዳለ ለማወቅ።"

ልጁ ወረቀቱን አየ። "አለ" አለ። "እርስዎ።"

ጽፎ አስፈረማት፤ አውራ ጣቷንም በቀይ ቀለም አስነክሮ አሳተማት። "ይጣራል። ውጤቱ በስልክ ይነገርዎታል።"

"መቼ?"

"ሲጣራ።"

ዓርብ ማታ ዝርዝሩ ከሰሌዳው ተነሳ። ቅዳሜና እሑድ ሚንሹ ስልኳን መረቅ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላ በሽርጧ ኪስ ይዛ ዞረች፤ ስትተኛም በደረቷ ላይ። ሉዪ ከእናቷ ጋር ማዕድ አልቀረበችም። ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ እንደ ሁለት ተሳፋሪ ሰነበቱ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ታዎ ወረደና ከጫማ ሰፊው አጠገብ ተቀመጠ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲበላ አይቼው አላውቅም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የሚንሹ ሽርጥ ጮኸ።

ከላስቲኩ ማውጣት አቃታት፤ ሉዪ መጥታ ቀደደችላት። ሚንሹ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሁላችንም ሰማን።

"ያቀረቡት ጉዳይ ተጣርቷል" አለች ከቢሮው የደወለችው ሴት በአንድ ትንፋሽ። "አባትየው ላይ የወንጀል ክስ ስላልነበረ ቅጥሩን አይከለክልም። ሂደቱ ይቀጥላል። ጉዳይዎ በተስተናገደበት መንገድ ረክተዋል ወይስ አልረኩም?"

ሚንሹ ስልኩን በመዳፏ ከደነችው። "ምን ልበል? አንድ ነገር ብዬ ደግሞ ላበላሽ?"

ጋሽ ታዎ ቾፕስቲኩን አስቀመጠ። "ስልሳ አንድ ጊዜ ጠይቀውኛል" አለ። "አንድም ቀን ረክቻለሁ ብዬ አላውቅም።" ሉዪን አያት። የተቀደደውን ላስቲክ እንደያዘች ቆማለች። "አንቺ ግን በያቸው።"

"ሾንግ ሚንሹ እባላለሁ" አለች ሚንሹ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት። የመታወቂያ ቁጥሯን አሥራ ስምንቱንም አኃዝ አንድ በአንድ ጠራች። የሉዪ እጅ ትከሻዋ ላይ ነበር። "ረክቻለሁ" አለች።

ማክሰኞ ሥጋው ወደ ድሮው ልኩ ተመለሰ። ሐሙስ ጋሽ ታዎ ስለ ጭሱ ደወለ፤ ስሙን ሰጥቶ።