የእንግሊዙ ኮረጆ

ባለፈው ቅዳሜ ትንሹ ልጄ የምሳ ዕቃው ቦርሳው ውስጥ ተከፍቶበት፣ ቦርሳው በወጥ ዘይት ርሶ መጣ። እየተነጫነጭኩ ሲንክ ውስጥ ጣልኩትና ቀዝቃዛውን ውሃ ለቀቅኩበት። የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ የሺ ከጌይተርስበርግ መጥተው ጠረጴዛው ጋ ምስር ይለቅሙ ነበር። "አንቺ፣ ቀዝቃዛ ለደም ነው። ቅባት ሙቅ ይፈልጋል" አሉኝ። ይህን ብለው እጃቸው ምስሩ ላይ ቀረ። እኔም ቧንቧውን ዘጋሁት። ሁለታችንም ስለ ሌላ ቦርሳ ማሰብ መጀመራችንን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት የሆነ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እትዬ የሺና ባለቤታቸው ጋሼ ሙሉጌታ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ እኖር ነበር። ጋሼ ታክሲ ይነዳሉ፣ እትዬ የሺ ሆቴል ላውንድሪ ይሠራሉ፣ እኔ ደግሞ አሌክሳንድሪያ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ያኔ ሰውነቴ ቀጭን፣ አፌ ግን እንዳሁኑ ሰፊ ነበር።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ የሸራ ኮረጆ ከነማንገቻውና ከነነሐስ ዘለበቱ ተሰቅሏል። የጋሼ ሙሉጌታ አባት ዕቃ ነበር። እንግሊዞች ከጃንሆይ ጋር በጎጃም በኩል ሲገቡ አባትየው በበቅሎ ስንቅ ያመላልሱ ነበር አሉ። ወባ የጣለውን አንድ እንግሊዝ ወታደር በበቅሎአቸው ጭነው አዳኑት፤ እሱም ሲለያዩ ኮረጆውን ከጀርባው አውርዶ ሰጣቸው። የቤተሰቡ ታሪክ ይሄ ነው። የአገሩ ሰው ግን ሌላ ነበር የሚያወራው፦ ወታደሩ ሞቷል፣ አባትየው ሬሳ ገፈዋል፣ ክዳኑ ላይ ያለው መዳፍ የሚያህል ጥቁር እድፍም ደም ነው።

ሐሜት ባሕር ለመሻገር ቪዛ አይጠይቅም። ፌርፋክስ አንድ ክርስትና ላይ፣ አቶ ደምሴ የሚባል የጋሼ ሙሉጌታ አገር ልጅ ሰዎች ስለ አርበኛ አባቶቻቸው ሲያወሩ ሰማና፣ "የሙሉጌታም አባት እኮ እንግሊዝን ረድተዋል፤ ሸክሙን አቅልለውለታል" አለ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳይገባኝ ሳቅሁ። ጋሼ ሙሉጌታ የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት። ቤት ስንገባ እትዬ የሺ ነገሩን ለብቻዬ ሲያስረዱኝ በሳቄ አፈርኩ።

እኛ ፓርኪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክ የሚያደርግ ሚስተር ኮሊን የሚባል ጡረተኛ እንግሊዛዊ ነበር። አንድ ቀን የመኪናውን ትራንክ ሲከፍት አየሁ፤ የወታደር ቀበቶ፣ ዝናር፣ ኮዳ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የእኛው ግድግዳ ኮረጆ ቁርጥ! "ይሄ እኮ እኛ ቤት አለ" አልኩት በዚያ በሰባራ እንግሊዝኛዬ። ሰውየው መኪናውን ረሳው። የሚሰበስበው የእንግሊዝ ወታደር ዕቃ የሚሸከምበትን ትጥቅ ብቻ ነበር፤ ሰው ስንቱን ይወዳል! ድሮ ትጥቃቸው ቆዳ ነበር አለኝ። ቆዳ በዝናብ ይለጠጣል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጥጥን አወፍረው ሸምነው ቀበቶም ማንገቻም ከእሱ ሠሩ። የእኛ ዓይነቱ በፈረንጆቹ 1937 የወጣው ነው። ጥይት መያዣው ከፊት ግራና ቀኝ፣ ኮዳው ከጎን፣ ኮረጆው ከጀርባ ሆኖ ማንገቻው ጀርባ ላይ ይጣመራል፤ ሸክሙን ትከሻና ወገብ ይካፈሉታል። ወታደሮቹ ሸራውን አረንጓዴ ነገር ይቀቡታል፣ ነሐሱን ይወለውላሉ።

ስለ እድፉ ስነግረው ጭራሽ ዓይኑ በራ። እንደዚህ ያለ ሸራ ብዙ አይቻለሁ፣ ደም፣ የጠመንጃ ዘይትና ጭቃ አሻራቸው ለየቅል ነው፣ ካየሁት እነግራችኋለሁ አለ።

ጋሼ ሙሉጌታ ይህን ሲሰሙ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ሰውየውን ለእሑድ ምሳ ጠሩት። ይባስ ብለው ስልክ አንስተው አቶ ደምሴንም ጠሩት። "ይምጣ፣ በጆሮው ይስማ" አሉ። እትዬ የሺ ያን ጊዜ ሽንኩርት ይከትፉ ነበር።

እሑድ እኔና ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ እትዬ የሺ ምግብ አለብኝ ብለው ቀሩ። ቅዳሴው ደግሞ ረዥም ነው። ስንመለስ ቤቱ ጽድት ብሏል፣ ምንጣፉ ተጠርጓል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ኮረጆ እንደ ጥምቀት ልብስ ነጭ ሆኗል። በበረኪና ታጥቦ፣ ድራየር ገብቶ፣ ተተኩሶ! ዘለበቱ ያብረቀርቃል። እድፉ የለም።

"እንግዳ ፊት እድፍ ይቀርባል እንዴ?" አሉ እትዬ የሺ፣ ፊታቸውን ወደ ምድጃው እንዳዞሩ።

ጋሼ ሙሉጌታ ጫማቸውን ሳያወልቁ ቆመው አዩት። ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ ቀስ ብለው "እጅሽ ይባረክ" አሉ። ከዚህ የባሰ ቁጣ የለም ብዬ አሰብኩ።

ሚስተር ኮሊን መጥቶ ኮረጆውን እንደ አራስ ልጅ ተቀበለ። አገላበጠው። እውነተኛ ነው፣ የዚያ ዘመን ነው አለ። ማንገቻው ላይ ዘለበቱ የቆየባቸውን ሁለት ቦታዎች በጣቱ አሳየን፤ አንዱ የረዥም ሰው፣ ሌላው የአጭር። ሁለት ሰዎች ይዘውታል ማለት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንዳለፈ ግን አሁን ማወቅ አይቻልም፣ ያን ይነግረን የነበረው እድፉ ነበር አለ። መተርጎም የእኔ ሥራ ነበርና ተረጎምኩ። ሌላ ምን ላደርግ?

"እንግዲህ ታጥቧላ" አለ አቶ ደምሴ፣ ፈገግ ብሎ ቢራውን እየቀዳ። እትዬ የሺ ሳህኑ ላይ ወጥ ጨመሩለት።

ኮረጆው በማግስቱ ከግድግዳው ወርዶ ቁም ሳጥን ገባ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሙሉጌታ ስለ አባታቸው አንስተው አያውቁም። ግብዣ ላይ ወንዶቹ የአባቶቻቸውን ጀብዱ ሲጀምሩ፣ በአሜሪካ የሐምሌ ሙቀትም ቢሆን "መኪናዋን ላሙቃት" ብለው ይወጡ ነበር። ካረፉ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ነው። እኔም እስካለፈው ቅዳሜ ጥፋቱ የይሉኝታችን ነው ስል ኖርኩ፤ እንግዳ መጣ ሲባል ያላጠብነው ነገር የለማ።

"ለእንግዳ ብዬ ይመስልሻል አይደል?" አሉኝ እትዬ የሺ፣ ምስሩን እያዩ።

ፈርተው ኖሯል። ሚስተር ኮሊን በደምሴ ፊት "ደም ነው" ቢል ባላቸው ቀና ብለው አይሄዱም። እኛ ቅዳሴ እንደገባን ኮረጆውን አውርደው በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፉት።

"ቀዝቃዛው ንክች አላደረገውም። ሙቅ ከዕቃ ሳሙና ጋር ሳፈስበት ግን ጥቁሩ ተንሳፈፈ፣ የጠመንጃ ዘይት ሸተተኝ። ያን ሁሉ ዓመት የሆቴል አንሶላ ያጠብኩ ሴት፣ ደምና ቅባት ይጠፋኛል? ቅባት ነበር፣ ልጄ። ግማሹ ከለቀቀ በኋላ ምን ላድርገው? ለእንግዳ ብዬ ነው እንድል በረኪናውን ጨመርኩበት።"

"ታዲያ ለጋሼ ለምን አልነገሯቸውም?"

"ምን ብዬ? አባትህ ንጹሕ ናቸው ልለው፣ መጠርጠሬን ልነግረው ነው። ዛሬ ነገ ስል ቀደመኝ።" በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ያ "እጅሽ ይባረክ" ትዝ አለኝ፤ ያ ትንፋሽ፣ ያ የወረደ ትከሻ። እኔ ቁጣ ነው ብዬ ነበር። ለካ ጋሼም ፈርተው ኖሯል፣ ከልባቸው ነው የመረቋቸው። ባልና ሚስት አንድ ጥርጣሬ በአንድ አልጋ ላይ ይዘው አረጁ፤ መልሱ ደግሞ በአንዳቸው እጅ ነበር።

ይህን ለእትዬ የሺ አልነገርኳቸውም። ምን ይጨምርላቸዋል? ሙቁን ውሃ ከፈትኩና የልጄን ቦርሳ ማሸት ጀመርኩ፤ እሳቸውም ወደ ምስራቸው ተመለሱ።