ልጄ ቆልፎ ነበር

ልጄ ሲወለድ እንኳ አልቸኮለም። ቀኑ አልፎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኛ። አዋላጇ ሆዴን እየዳሰሰች «ይኼስ ቤቱ ተመችቶታል፤ በፖሊስ ካልሆነ አይወጣም» ብላ አስቃኛለች።

ካደገም በኋላ ያው ነበር። በሩን ቆልፎ ይወጣና አምስት እርምጃ ሄዶ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። «ቆይ፣ ምድጃው ጠፍቷል?» «ቆይ፣ ያ መሰላል ይወላወላል።» ታላቅ እህቱ «ቆይ-ቆይ» የሚል ስም አወጣችለት፤ ሰፈሩም በዚያው ጠራው። እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሥራችን ጥድፊያ ነው። የልጄ ዝግታ ደሜን ያፈላው ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲለኝ፣ «የዘገየስ? የሚለቅመውም አያገኝ!» እለዋለሁ።

አባቱ በሕመም ሲሞት ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁለቱን ልጆች ያሳደግኩት በዚያች በቤቴ ባለችው የስፌት መኪና ነው፤ ከፋብሪካ ስመለስ የሰው ልብስ እጠግንባታለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ወደ ቤት ስገባ መኪናዬ ብሎን በብሎን ተፈታታ አንሶላ ላይ ተደርድራለች። ጫማዬን አውልቄ አነሳሁበት።

«ቆይ እማዬ! መጀመሪያ ይኼን እዪ!»

ከፔዳሉ የሚወጣውን ሽቦ አሳየኝ። ልክ ጉልበቴ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ያብረቀርቃል። «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይይዝሽ ነበር» አለኝ። ጫማዬ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ እጄን አንስቼበት አላውቅም።

ሙያ ተማረና በሃያ ዓመቱ ሊፍት የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ገባ። እያንዳንዱ ጠጋኝ የራሱ ጓጉንቸር አለው። ሊፍቱን ከመንካቱ በፊት ጣሪያ ላይ ያለው የሞተር ክፍል ድረስ ይወጣል፣ ዋናውን ማብሪያ ያጠፋል፣ ማንም እንዳያበራው በጓጉንቸሩ ይቆልፈዋል፤ ቁልፉንም ሥራው እስኪያልቅ ከራሱ አይለይም። «አንቺም ቁልፍ፣ እኔም ቁልፍ» ይል ነበር እየሳቀ፤ «እኛ የቁልፍ ቤተሰብ ነን።» ቁልፉ እንዳይወድቅበት በሸሚዙ ኪስ ላይ ክዳን ሰፍቼ ቁልፍ ተከልኩለት። ያንን ክዳን ሳይቆልፍ ወደ ሥራ አይገባም።

በሠላሳ ሁለት ዓመቱ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሊፍቶች በሱ እጅ ነበሩ። የመጨረሻው ወር ላይ ምግብ አልወርድ አለው። ሳህኑ ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል።

«ምን ሆነሃል? ሴት ናት?» አልኩት።

«ምን አለ ሴት በሆነች!» አለና ተነፈሰ። «የሁለተኛው ሊፍት ፍሬን አልቋል። ለድርጅታችን ኃላፊ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ይሠራል፣ አትጨናነቅ ይለኛል።»

«ሰው ከበዛበት ይበጠሳል?»

«ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። የሚያስፈራው ሲቀልል ነው። በገመዱ በሌላኛው ጫፍ ከባድ ብረት ተንጠልጥሏል። ሰው ወርዶ ሊፍቱ ሲቀልል ፍሬኑ ካልያዘው፣ ያ ብረት ወደ ላይ ይመነጭቀዋል። መብራት ይኑር አይኑር ደንታው አይደለም።»

«ታዲያ አንተ ለምን አትተወውም?»

«እኔ ብተወው ሰው መሳፈሩን አይተውም፣ እማዬ።»

ረቡዕ ነበር፣ ረፋድ አራት ሰዓት ግድም። ፋብሪካ ውስጥ አለቃችን ወደ እኔ መጣች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ «ፍጠኚ» እንጂ ሌላ ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ምንም ሳትናገር እጇን ዘርግታ መኪናዬን አጠፋችው። ያኔ ገባኝ። ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኳትም።

ያ ሁለተኛው ሊፍት በአራተኛና በአምስተኛው ፎቅ መሀል ቆሞ፣ ውስጡ አንዲት ነርስና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጄ በሩን ከፍቶ ገባና ሽማግሌውን ተሸክሞ ከታች ለሚቀበሉት አወረደ፤ ነርሷን አወረደ፤ ወንበሩንም አቀበለ። በመጨረሻ እሱ ሊወርድ ሲል ሊፍቱ በራሱ ወደ ላይ ተነሳ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከቀብሩ በሦስተኛው ሳምንት የድርጅቱ ኃላፊ ቢሮው ጠራኝ። ከሴት ልጄ ጋር ሄድኩ። ወረቀት አቀረበልኝና ብዕሩን ራሱ ከፍቶ ሰጠኝ።

«ፊርማ ብቻ ነው እናት፣ ፋይሉ እንዲዘጋ። ሰኞ የሥራ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን ያያል።»

ሴት ልጄ ወረቀቱን ነጥቃ አነበበችው። «‘ሟች ዋናውን ማብሪያ ሳያጠፋና ሳይቆልፍ ወደ ሥራ በመግባቱ’ ይላል።»

«ልጄ ሳይቆልፍ አልገባም» አልኩ።

«ሰው ነው፣ ይረሳል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ...»

«እሱንማ ሆነዋል! ልብሱን ከሆስፒታል ሲሰጡኝ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ክዳኑም ተቆልፎ።»

ፈገግ አለ። «ቁልፉ ኪሱ ውስጥ መሆኑ ምን ያስረዳል? ጓጉንቸሩስ የት አለ?»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ጓጉንቸሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ካለ ረጅሙ የምንለው ልጅ ነው። የልጄ የሥራ ባልደረባ ነው፤ በሬን ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ከልጄ ጋር ካንድ ሳህን የሚበላ። ከቀብሩ በኋላ ግን ብቅ ብሎ አያውቅም። ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች፤ እሷ ናት የከፈተችልኝ። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ጓጉንቸሩን አይተኸዋል?» አልኩት።

ሚስቱ በሩ ላይ እንደቆመች እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እንጀራው በኃላፊው እጅ እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

«ሆድ ይፍጀው፣ እማማ» አለኝ በመጨረሻ።

«የኔን ሆድማ ፈጅቶ ጨረሰው እኮ፣ ልጄ» ብዬው ወጣሁ። አልረገምኩትም። ግን አልመረቅኩትምም።

ሰኞ ጠዋት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት ናት። ኃላፊው ወረቀቱን ረጋ ብሎ አነበበ። ተራዬ ሲደርስ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ልጄ ስለዚያ ብረት የነገረኝን ሁሉ እንደነገረኝ ተናገርኩ። ኃላፊው ወደ ተቆጣጣሪዋ ዘንበል አለ።

«እናት ናቸው፣ አዝነዋል። ሙያቸው ደግሞ ስፌት ነው።»

«ሙያቸውን አልጠየቅኩም» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ግን እናቴ፣ ጓጉንቸሩ ካልተገኘ ቁልፉ ብቻውን አይበቃም።» ብዕሯን አንስታ መጻፍ ጀመረች። የሴት ልጄ እጅ እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። የምትጽፈውን ማየት አልቻልኩም፤ የብዕሯን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ረጅሙ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ሚስቱ እያለከለከች ከኋላው አለች። ላብ በላብ ሆኗል። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ቁልፉ አጠገብ አስቀመጠ። ጓጉንቸር ነው፤ ቀለበቱ በመጋዝ ተቆርጧል።

«የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማብሪያው ላይ ተቆልፎ ነበር» አለ። «እሳቸው ቁረጠው አሉኝ፣ ቆረጥኩት። ጣለው አሉኝ። መጣሉ ግን አልሆነልኝም።»

«ይኼ ከየትም የመጣ ብረት ነው!» ብሎ ኃላፊው ብድግ አለ።

ተቆጣጣሪዋ ቁልፉን አንስታ ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተተችው። አልዞረም። ኃላፊው ተመልሶ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ጓጉንቸሩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገችው፤ ከውስጡ የብረት ብናኝ ፈሰሰ። ደግማ ከተተችው። ቀጭ አለ።

ተቆጣጣሪዋ የጻፈችውን ገጽ ገንጥላ አወጣችና በአዲስ ገጽ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ሄደ። የልጄ ሦስት ደብዳቤዎች ከኃላፊው መሳቢያ ተገኙ። መዝገቡ ላይ ጥፋቱ የልጄ እንዳልሆነ፣ ማብሪያውን አጥፍቶ ቆልፎ እንደነበር፣ የከዳው ፍሬኑ እንደሆነ ተጻፈ። ድርጅቱ የሚጠግናቸው ሊፍቶች ሁሉ ሲፈተሹ አምስቱ ያንኑ በሽታ ይዘው ተገኙ። ኃላፊው ተባረረ፣ ተከሰሰም። ረጅሙም እዚያ መሥራት አልቻለም፤ ለቆ አሁን የውሃ ፓምፕ ይጠብቃል። ሴት ልጅ ወልደዋል። አንድ እሁድ ይዟት ሲመጣ አቅፌ መረቅኳቸው፣ ሁሉንም።

እኔ ግን እውነቱ ሲወጣ የሚያርፍልኝ መስሎኝ ነበር፤ አላረፈልኝም። ሰው ሁሉ «እንደ ጀግና ነው የሞተው፣ ቅንጣት አልፈራም» ይለኛል። የሚያጽናናኝ መስሎት ነው። እኔ ደግሞ የሚሉትን ሰውዬ አላውቀውም።

በሁለተኛው ወር ልጄ ከሊፍቱ ያወረዳት ነርስ ቤቴ መጣች። የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ናት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ፈርቶ ነበር?»

መልሱን ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን አየች።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ፈርቶ ነበር፣ እማማ» አለች። «እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ቀድሜ ልውረድ ስለው ግን አይሆንም አለኝ፤ ሽማግሌው ከወረዱ በኋላ አቅፎ አወረደኝ። ልቡ ሲመታ በሸሚዙ ላይ ይሰማኝ ነበር።»

ያኔ ነው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቼ ያለቀስኩት። የነገረችኝ ሰውዬ የኔ ልጅ ነበር። ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እስክጨርስም አልተነሳችም።