ለእናንተ ነግሬ ለእርሱ ያልነገርሁት

የተወደዳችሁ ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ልመስክር ብዬ ፓስተራችንን የለመንሁት እኔው ነኝ። «እህት ብርቄ፣ አንቺ እኮ መስክረሻል» አለኝ። አዎ፣ መስክሬአለሁ፤ ግን ግማሹን ነው። ዛሬ የቆምሁት የቀረውን ልጨርሰው ነው። እባካችሁ ሃሌሉያ ለማለት አትቸኩሉብኝ፤ ያን ጊዜ እናንተም እኔም ቸኩለን ነበር።

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ዓሣ እየጠበስሁ የምሸጠው ሴት እኔ ነኝ። አፌ ትንሽ ክፉ ነው። እዚያ ጥግ የምትስቁት እህቶች፣ እናንተንም አውቃችኋለሁ።

ባሌ መላኩ ይባል ነበር። ዓሣ ያጠምዳል፣ ሐይቁ ዳርም ያርሳል። ሐይቁ ወደ ውስጥ ሲሸሽ ትቶት የሚሄደው መሬት አለ፣ ታውቁት የለም? ጥቁር፣ እርጥብ፣ የጣሉበትን ሁሉ የሚያበቅል። እንዲህ ያለች ቁራጭ መሬት በእኛ ማሳና በንጉሤ ማሳ መካከል ብቅ አለች። ንጉሤ ማለት ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ የመላኩ ሚዜ ነው። በሰርጌ ቀን አዝሎ ያወጣኝ እሱ ነው። «ወይ ጉድ፣ ሙሽሪትን ድንጋይ አብልተዋታል እንዴ!» እያለ ሰውን ሁሉ ሲያስቅብኝ ዋለ። እኔስ መች ተውሁት! ጀርባው ላይ ሆኜ ስሰድበው ነው እስከ በሩ የደረስነው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሳይጠራ ይገባል፣ ያለውን ይበላል፣ ከእኔ ጋር ተሰዳድቦ ይወጣል። ሚዜ ወንድም ነው፣ ያገራችሁ ደንብ ነው፣ እኔ አላስተምራችሁም።

ስለዚያች ቁራጭ መሬት ተጣሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ለመላኩ ተፈረደ። ንጉሤ እሺም እንቢም ሳይል ሄደ። ከዚያ አንድ ማለዳ መላኩ ወደ ማሳው ሲወርድ መንገድ ላይ ጠብቆ ተኩሶ ገደለው። ቅዱሳን፣ ስለዚያ ማለዳ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ፍርድ ቤቱም አስቦበት፣ ተዘጋጅቶበት ነው የገደለው ብሎ ሞት ፈረደበት። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ከችሎቱ ወጥቼ በሩ ላይ እልል አልሁ። የንጉሤ እናት፣ እማማ ዝናሽ፣ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። እያየኋቸው ነው እልል ያልሁት።

ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። የጎረስሁት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። በአጥሚት ኖርሁ፣ ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ። ደሴ ወሰዱኝ፤ ሐኪሙ በጉሮሮዬ ቱቦ አስገብቶ አየኝና «እናቴ፣ ጉሮሮሽ ጤነኛ ነው፣ የሚዘጋው ነገር የለም» አለኝ።

«ታዲያ እንጀራው ለምን አይወርድም?» አልሁት።

«ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። ልብሽን የምታወሪው ሰው ፈልጊ» አለኝ።

«ወሬማ ድፍን ሐይቅን ሳወራ ነው የምውለው» ብዬው ተናድጄ ወጣሁ። ለካ ልክ ነበር ሰውዬው።

እዚህ የመጣሁት አንዲት ደንበኛዬ፣ ከእናንተው አንዷ፣ ጨቅጭቃኝ ነው። እኔ የእስጢፋኖስን ደወል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዘመዶቼ «ብርቄም ጴንጤ ሆነች» ሲሉ ተገረሙ። እኔም ተገርሜአለሁ። ግን ያን ቀን ስለ ይቅርታ ሲሰበክ፣ ቅዱሳን፣ ጌታ ራሱ ስሜን የጠራኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ተንበርክኬ አለቀስሁ፣ ሕይወቴን ሰጠሁት። ሰንበት ብዬም እዚሁ መድረክ ላይ ቆሜ «ንጉሤን ይቅር ብዬዋለሁ» አልኋችሁ። አዳራሹ ተነቃነቀ። እናቶች አቀፉኝ፣ ዘማሪዎቹ ዘመሩ። ቤቴ ገብቼ እንጀራ ቆረስሁ፤ ወረደ! ክብር ለስሙ ይሁን! ይህን አልክደውም፣ የፈወሰኝ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ቀረው ግማሽ ልግባ።

ምስክርነቴ ከእኔ ቀድሞ እማማ ዝናሽ የሚኖሩበት ውጫሌ ገበያ ደረሰ። ከአጠገቤ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጠውን ዘሃራን ታውቋታላችሁ፤ የትውልድ አገሯ ውጫሌ ነው። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ ዕቃዋን እንኳ ሳታወርድ እኔ ጋ መጣች።

«ብርቄ፣ እማማ ዝናሽን ገበያ አገኘኋቸው። ልጃቸው ይቅር ማለትሽን እስር ቤት ድረስ ሰምቷል። ‹እውነት ከሆነ በገዛ እጇ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ› ብሏል አሉኝ።»

«ከመንግሥት ምሕረት ሊጠይቅበት ነው?» አልኋት።

«ወላሂ አይደለም። ‹ለማንም አላሳየውም፣ ለራሴ ነው› ብሏል።»

«እሺ፣ እጽፋለሁ» አልኋት። ብዬም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥሁ። ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር መቼም ታውቃላችሁ። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ወላጆቻችን ያስተማሩን ይህን ነው፤ ያለዚህ ደብዳቤ አይጀመርም። እጄ እዚያው ቆመ። ሞት የተፈረደበትን ሰው ጤናህ እንዴት ነው ይባላል? የመላኩን ገዳይ ናፈቅኸኝ ልበለው? ሰላምታውን ትቼ ልጀምር ስል ደግሞ ቁጣ መሰለብኝ። ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥሁት።

ለዘሃራ «እየጸለይሁበት ነው» አልኋት። ቅዱሳን፣ እዚህ ላይ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። እኛ ልናደርገው ያልፈለግነውን ነገር ሁሉ ጸልየንበት ነው የምናቆየው! እውነቱን ልንገራችሁ? ጸሎትም አልነበረም። እኔ ተገላግዬ ነበር። መስክሬአለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል፣ እንጀራዬ ወርዷል። ይቅርታዬን እናንተ ስትሰሙት የደረሰ መሰለኝ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ፤ ይኸንንም ዛሬ ልናገረው። እኔ ሰላም ባገኝ ደስ ይለኛል፤ እሱ ሰላም እንዲያገኝ ግን ገና አልፈለግሁም።

ዘሃራ አልተወችኝም። ሽንኩርቷን እየደረደረች «አብሽሪ ብርቄ፣ ሁለት መስመር እኮ ነው» ትለኛለች። ሌላ ጊዜ «ታሟል አሉ» አለችኝ። እሱንም ሰምቼ «በዚህ ሳምንት እጽፋለሁ» አልኋት። ሳምንቱ ሄደ፣ ሌላውም ሄደ።

አንድ ጠዋት ዘሃራ መጣችና ዕቃዋን ሳትዘረጋ አጠገቤ ቆመች። ዓሣው ድስቱ ውስጥ ነው። «ብርቄ» አለችኝ፣ «ንጉሤ አረፈ። ፍርዱ አይደለም፣ በሽታው ነው የገደለው።» ዓሣው እስኪያር ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይቅር ያልሁት ሰው ይቅር መባሉን ከአንደበቴ ሳይሰማ ሞተ።

ለቅሶ ሄድሁ። ዘሃራ ክንዴን ይዛኝ ውጫሌ ወረድን። በእኛ አገር ደም ሳይደርቅ፣ ሽማግሌ ሳያስታርቅ፣ የሟች ወገን የገዳይን ደጅ አይረግጥም፤ እህሉንም አይቀምስም። ስለዚህ ከድንኳኑ ውጭ ቆሜ ላለቅስ ነበር ሐሳቤ። አንድ ሽማግሌ ሊመልሱኝ ተነሡ። ከውስጥ የእማማ ዝናሽ ድምፅ መጣ፤ «አስገቧት» አሉ።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እልል ያልሁባቸው ሴት ናቸው። «እማማ፣ ሳልጽፍለት ቀረሁ» አልኋቸው።

እጄን ያዙኝና ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? «ብርቄ ልጄ፣ እኔም ካንቺ ይቅርታ የምለምነው ነገር አለኝ። በስምሽ ዋሽቻለሁ።»

እጄን ሳይለቁ ነገሩኝ።

«በሄድሁ ቁጥር ‹እማ፣ መጣ ወይ?› ነው የሚለኝ። ‹ነገ ይመጣል› እላለሁ። የመጨረሻ ጊዜ ሳየው ከስቷል፣ ተነሥቶ መቀመጥ አቅቶታል። ‹መጣ ወይ?› አለኝ። አንጀቴ አልችል አለ። ‹መጥቷል፣ ወረቀቱን በር ላይ አስቀሩብኝ እንጂ አስነብቤ በቃሌ ይዤዋለሁ› አልሁት። ‹ንጉሤ ወንድሜ፣ ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ፣ እግዚአብሔርም ይማርህ፣ አይዞህ ብላሃለች› አልሁት። ሳታዝዢኝ ነው፣ ልጄ።»

«እሱስ ምን አለ?» አልኋቸው።

«ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ‹እማ፣ ይሄ ያንቺ ነው። ብርቄ ብትሆን መጀመሪያ ልክ ልኬን ትነግረኝ ነበር› አለኝ። አፈርሁ። ዐይኑን ጨፈነና ‹ግን ድገሚልኝ› አለኝ። ደገምሁለት።»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ያለቀስሁትን ለቅሶ ለመላኩም አላለቀስሁትም። ያ ሰው ያውቀኝ ነበር። እኔ የሚያምር ቃል ስፈልግ፣ ሰላምታው አልገጥም ሲለኝ፣ እሱ የሚጠብቀው እኔን ነበር፣ ክፉ አፌን ጭምር። ስድብ ብልክለት እንኳ ከእኔ እንደመጣ ያውቅ ነበር። እናቱ ጥሩውን ቃል ሁሉ ሰጥተውታል፤ የእኔን ግን ማንም ሊሰጠው አልቻለም።

ከዚያ ንፍሮ መጣ። እማማ ዝናሽ ከሰሐኑ ዘገን አድርገው በመዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ቅዱሳን፣ ፈራሁ። ጉሮሮዬ አሁን ይዘጋል፣ ጌታ የሰጠኝን ፈውስ ዛሬ ይወስድብኛል፣ ይገባኛልም አልሁ። ጎረስሁት። ወረደ! ስሙ ይባረክ፣ ወረደ! እኔ ቃሌን አጥፌ እርሱ ቃሉን አላጠፈም። እኔ ዘግይቼ እርሱ ፈውሱን አልነጠቀኝም። ያ ንፍሮ ሲወርድ ነው ጸጋ ምን እንደሆነ የገባኝ፤ እስከዚያ ድረስ መዝሙሩን ብቻ ነበር የማውቀው።

ከወራት በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደሙን አደረቁልን። አሁን ውጫሌ ስወርድ እማማ ዝናሽ ቤት ሳልገባ አልመለስም። እርሳቸው ጾማቸውን እንደጾሙ፣ እኔም መዝሙሬን እንደዘመርሁ፣ አብረን እንቀመጣለን። ስለ ንጉሤ ልጅነት ያጫውቱኛል፤ እኔ ደግሞ ስለ መላኩ አወራቸዋለሁ። እርሳቸው ልጄ ይሉኛል። ጌታን ስለዚህ አመሰግነዋለሁ፣ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ ይህን አምናለሁ፣ በደሙ ታጥቤአለሁ። ጸጸቱ ግን አለ፣ አልዋሻችሁም። ዓሣ ስገለብጥ «ግን ድገሚልኝ» ያለው ይመጣብኛል፣ እንባዬም ይመጣል። ደንበኞቼ ጭሱ ነው ይላሉ፤ እኔም አዎ እላለሁ።

ምን እንደምጽፍለት አሁን ገብቶኛል። እንዲህ ነበር የሚባለው፦ «ንጉሤ፣ አንተ የማትረባ፣ ቤቴን አፈረስኸው። መላኩን እንዴት አስቻለህ? ቢሆንም ይቅር ብዬሃለሁ። ብርቄ።» አያችሁ? ሰላምታም አልፈለገ፣ ጥቅስም አልፈለገ።

እዚህ መካከል ጌታን ያላወቃችሁ ካላችሁ፣ እመኑት፤ እንደኔ ያለችውን ሰነፍ የታገሠ እናንተንም ይታገሣል። ያመናችሁት ደግሞ ይቅር ያላችሁት ሰው ካለ፣ በጸሎታችሁ ለጌታ ነግራችሁት ለሰውዬው ያልነገራችሁት ካለ፣ የሚያምረውን ቃል አትጠብቁ። እንዳመጣላችሁ ንገሩት። ፓስተር፣ ይፍቀዱልኝና፣ መዝሙሩ ሳይጀመር መውጣት የምትፈልጉ አሁን ውጡ። የምትደውሉም ግቢው ውስጥ ደውሉ፤ ቤቱ ቅርብ የሆነላችሁም ሂዱ። ማንም አይቀየማችሁም። ቦታችሁን እኔ እጠብቅላችኋለሁ።