ከሮብ ገበያ የመጡት ሦስት ዶሮዎች

ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ሙንታዝ ተስፋይ የሚባል ኤርትራዊ ወታደር ከጦር ግቢው በር ተቀብሎ የዶሮ ቤቱን አሳየኝ። ሙንታዝ ማለት እንደ አሥር አለቃ ያለ ማዕረግ ነው፤ የግቢው አስተርጓሚም እሱ ነበር። ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊቱ በሽቦ የታጠረ፣ ውስጡ ሦስት እርከን ቆጥ ያለው ነው። አርባ ሁለት ዶሮ ቆጠርኩ።

«ምን አየሽ?» አለኝ።

«አንዷን ቅማል ፈጅቷታል፣ አንዷ ልታቅፍ ቦታ ትፈልጋለች፣ ያ አውራ ደግሞ ከጩኸቱ በቀር ጥቅም የለውም» አልኩት።

ሳቀና አጠገቡ ለቆመው ማሬሻሎ ተረጎመለት። ማሬሻሎው የወጥ ቤቱና የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና በጣሊያንኛ አንድ ቃል ተናገረ። ተቀጥረሻል ማለቱ ነበር።

ማዕረጉ እንዲህ ነው፤ ከላይ የግቢው አዛዥ ሻምበል፣ ከሻምበሉ በታች ማሬሻሎው፣ ከማሬሻሎው በታች ሙንታዙ፣ ከሙንታዙ በታች እኔ፣ ከእኔ በታች ዶሮዎቹ። የግቢው ሰው «የዶሮ ሹም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አልተቀየምኩም። አባቴ ሞቶ እናቴንና ሁለት ታናናሾቼን የማበላው እኔ ነበርኩ፤ ለጠላት ትሠራለች ብለው የሚያሙኝም እህል አልሰፈሩልኝም። በዚያ ላይ በዶሮ ነገር የሚበልጠኝ ሰው በከተማው አልነበረም። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ጠዋት በሩን እከፍታለሁ፣ ኩሱን እጠርጋለሁ፣ የሚንከባለሉበት ጉድጓድ ውስጥ አመድ እጨምራለሁ፣ ገንዳው ላይ ገብስ እበትናለሁ፣ ውኃቸውን እቀይራለሁ። እንቁላሉን ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ለቅሜ ከአራት ሰዓት በፊት ወጥ ቤት አስረክባለሁ። በሁዳዴ እንቁላል የሚበላ ክርስቲያን ያየሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ አማተብኩ፣ በኋላ ግን ለመድኩት።

ገብሱን የሚያመጡት አያ ቢምረው ነበሩ። በደብረ ኤልያስ በኩል የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። በየሳምንቱ ቅዳሜ በአህያቸው ሁለት ስልቻ ጭነው ይመጣሉ። ስልቻውን ከማውረዳቸው በፊት «ልጆችሽ እንዴት ሰነበቱ?» ይሉኛል። ዶሮዎቹን ማለታቸው ነው።

ሁዳዴ በገባ በአራተኛው ሳምንት አክስቴ ውድነሽ ከሚኖሩበት ከሮብ ገበያ መጡ። በቅርጫት ሦስት ዶሮ ይዘዋል፤ አንዲት ገብስማ፣ አንዲት ቀይ፣ አንዲት ነጭ ቄብ። መንደራቸው ፈንግል ገብቶበት ነበር። ፈንግል ዶሮን ከቤት ቤት እየዞረ የሚጨርስ በሽታ ነው። እሱ ሲመጣ ሴቱ ሁሉ ደህና የምትመስለውን ዶሮ መርጦ ወደ ሩቅ ዘመድ ያሸሻል፣ ዘር እንዳይጠፋ። ዶሮዋ በሽታውንም ይዛ እንደምትሸሽ ማን ልብ ብሎ!

«ልጄ፣ የእናቴ ዘር ናቸው» አሉኝ። «እኔ ዘንድ ካደሩ አለቁ። አንች ዘንድ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ ገብስ አለ።»

«የጣሊያን ቤት እኮ ነው፣ አክስቴ! የእኔ መሰለዎት?»

«ዶሮ የጣሊያን የአበሻ ትላለች እንዴ? ለፋሲካ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።»

የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ዶሮዎቹን አገላብጬ አየኋቸው። ዓይናቸው ንጹሕ፣ እግራቸው የጠና ነበር። ከአርባ ሁለቱ ጋር ቀላቀልኳቸው። ማሬሻሎው የሚከታተለው እንቁላሉን ስለነበር ሦስት ዶሮ መጨመሩን አላወቀም።

በአራተኛው ቀን ገብስማዋ ክንፏን ጥላ ጥግ ያዘች። ኩሷ አረንጓዴ ነበር። አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቁሯል። ከሰዓት በኋላ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠማዘዘና ሞተች። ከግቢው ጀርባ ቆፍሬ ቀበርኳት፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ለቀሩት በውኃ በጥብጬ ሰጠሁ። እንደማይረዳ አውቅ ነበር፤ ግን ዝም ብሎ መቀመጡ አልሆነልኝም።

በአሥረኛው ቀን ከሃያ በላይ ሞተው ነበር። ሻምበሉ ራሱ መጥቶ ሬሳውን አየና ተመርዘዋል አለ። ገብሱን ማን እንደሚያመጣ አስጠየቀ። የአያ ቢምረው ልጅ ዱር መግባቱን ከተማው ያውቃል፤ ሻምበሉም አወቀ። ቀኑ ቅዳሜ ነበርና ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው አህያቸውን እየነዱ መጡ። በር ላይ ያዟቸው። «ልጆችሽ እንዴት ሰነበቱ?» ለማለት እንኳ አልደረሱም።

«ምን ያደርጓቸዋል?» አልኩት ሙንታዙን።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ፍርድ የሚሰጠው ሹም ይመጣል።»

«ፍርዱስ?»

ከገበያው በላይ ወዳለው ትልቅ ዛፍ ዞሮ አየ። ያ ዛፍ ለምን እንደሚያገለግል በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም።

ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ። ለራሴ ፈራሁ፣ ለአክስቴም ፈራሁ። ስለዚህ ምስጢሬን ይዤ ሽማግሌውን በብልሃት ላስፈታ አሰብኩ። ወደ ማሬሻሎው ገብቼ እንዲህ አልኩ፤ «ገብሱ መርዝ ካለበት ጤነኛ ዶሮም ይገድላል። በደብረ ኤልያስ በኩል በሽታ የለም። ከዚያ ሁለት ዶሮ ይምጣና ለብቻው ተዘግቶበት ከዚሁ ስልቻ ይብላ። ካልሞቱ ሰውዬው ንጹሕ ናቸው።»

ማሬሻሎው ተስማማ። ዶሮዎቹ በማግስቱ መጡ፤ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ባዶ ጎጆ ውስጥ አስገባኋቸው። ሌላ ሰው አላመንኩም፤ የማበላቸውም የማጠጣቸውም እኔ ነበርኩ። አምስት ቀን ሙሉ ገብሱን እየለቀሙ እንደ ጉድ ጫሩ። ሙንታዙ «የዶሮ ሹሟ ሐኪም ሆነች!» አለ። እኔም ኮራሁ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አንደኛዋ ክንፏን ጥላ አገኘኋት።

ማሬሻሎው በጣቱ እያሳየኝ ጮኸ። ሙንታዙ መተርጎም አላስፈለገውም። «ይኸው መርዙ» ነበር የሚለው።

ከዚያች ዶሮ ፊት ቁጢጥ ብዬ እጄን አየሁ። ጠዋት ጠዋት የታመሙትን ቤት እጠርጋለሁ። ከዚያ ያንኑ መጥረጊያ፣ ያንኑ እንስራ፣ ያንኑ ጭቃ ያለበት እግሬን ይዤ ወደ ጎጆው እገባለሁ። በሽታውን በየቀኑ የማደርስላቸው እኔው ነበርኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። ሽማግሌውን ላስፈታ ብዬ ገመዱን አጠበቅሁባቸው።

እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ቀጥ ብዬ ወደ ዕቃ ቤት ሄድኩ። ማሬሻሎው ዱቄት ያስመዝናል።

«ሙንታዝ፣ አንድም ሳታስቀር ተርጉምልኝ» አልኩ። «በሽታው ፈንግል ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ። የአክስቴን ሦስት ዶሮዎች ከሮብ ገበያ አምጥቼ ቀላቀልኩ። የመጀመሪያዋ ስትሞት ደብቄ ቀበርኳት። ወደ ጎጆውም በሽታውን ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ በእጄና በእግሬ።»

ሙንታዙ ወደ እኔ ዞረ። «አንች ሴት፣ ይህን ከነገርኩት አንችን ነው የሚያስርሽ!»

«ተርጉም አልኩህ።»

ተረጎመ። ማሬሻሎው ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ የሚዛኑን ድንጋይ ወለሉ ላይ ወረወረ። ከዚያ «ትናንት ዋሽተሽ ዛሬ እውነት መናገርሽን በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መልሱን መንገድ ላይ አስቤው መጥቻለሁ። «ሦስት ዶሮ እንደገና ከደብረ ኤልያስ ይምጣ፤ ከአንድ ቤት። ሁለቱ እስር ቤት ከአያ ቢምረው ጋር ይግቡ። ከተጠረጠረው ስልቻ በገዛ እጃቸው ያብሏቸው። እኔም ሆንኩ የዶሮ ቤቱን የረገጠ ሰው ሁሉ ወደዚያ አይጠጋም። ሦስተኛዋ ከታመሙት ጋር ትግባ፤ እሷ ግን ከገብሱ አንዲት ፍሬ አትቅመስ፣ ከራስህ ገበታ የተረፈ ዳቦ ብቻ ትብላ። አሥር ቀን ስጠኝ።»

አሰበ። መርዝ ከሆነ ጠላት በእሱ ጥበቃ ሥር ግቢው ድረስ ገባ ማለት ነው። በሽታ ከሆነ ጥፋቱ የአንዲት ዶሮ ጠባቂ ነው። ሁለተኛው እንደሚሻለው ፊቱ ላይ አነበብኩ። አሥሩን ቀን ሰጠኝ፤ አሥር ጅራፍም ጨመረበት። ጅራፉን ያሳረፈብኝ ሙንታዝ ተስፋይ ነው፤ ታዝዞ ነው። ስለ ሕመሙ አልጽፍም።

ሽማግሌውን አሥር ቀን አላየኋቸውም። ወሬው ግን ይደርሰኝ ነበር። እስረኞቹ ዶሮዎቹን ወደዋቸዋል አሉ። አያ ቢምረው ከስልቻው እየዘገኑ ይበትኑላቸዋል፣ ለራሳቸውም ጥሬውን ይቆረጥማሉ አሉ። ዳቦ በሊታዋ በሰባተኛው ቀን አንገቷ ተጠማዘዘ፣ በስምንተኛው ሞተች። የእስር ቤቶቹ ላባቸው እያበራ ሰነበቱ። በአሥረኛው ቀን ማሬሻሎው ሁለቱንም ቦታ በዓይኑ አይቶ ወደ ሻምበሉ ሄደ። ሹሙ ሳይመጣ አያ ቢምረው ተፈቱ። ታስረው የቆዩት አሥራ ሰባት ቀን ነው።

በር ላይ ጠበቅኋቸው። ከስተዋል፣ ጋቢያቸው አድፏል። ከደስታዬ የተነሣ እንባ እንባ አለኝ። ወደ እግራቸው ዝቅ ስል በእጃቸው ያዙኝ።

«የሮብ ገበያዎቹን ዶሮዎች ያስገባሽው መቼ ነው?» አሉኝ፤ የተናገርኩት እስር ቤት ደርሷቸው ኖሯል።

«ከመታሰርዎ አሥር ቀን በፊት ነው፣ አያ።»

«የመጀመሪያዋ ስትሞት ምን እንደሆነ አውቀሽ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

ከጋቢያቸው እጥፋት አንድ እንቁላል አወጡ። ከሁለቱ ዶሮዎች አንዷ እስር ቤት ውስጥ የጣለችው ነው። እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«እንግዲያ ያሰረኝ ጣሊያን ብቻ አይደለም» አሉና አህያቸውን እየነዱ ሄዱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሰሞኑ ሕማማት ነበርና እንቁላሏን ማንም አልነካትም።

ማሬሻሎው ያባርረኛል ብዬ ነበር፤ አላባረረኝም። ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረውም። ጭዱን አቃጠልኩ፣ ቆጡን ነቅዬ አነደድኩ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፣ ቤቱን ሁለት ወር ባዶ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የገባ ዶሮ ሁሉ መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆያል፤ የራሱ መጥረጊያ፣ የራሱ ውኃ መጠጫ አለው። እኔም ጤነኞቹን ሳልጨርስ ወደ አዲሶቹ አልሄድም። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ያ ቤት ሁለተኛ ፈንግል አላየም።

አክስቴ እንዳሉት ለፋሲካ መጡ፤ ባዶ ቅርጫት ይዘው ተመለሱ። በሌላ ዓመት ደግሞ ፈንግል መንደራቸው ሲገባ አንዲት ቀይ ዶሮ በነጠላቸው ሸፍነው ደረሱ። እንዳየኋቸው ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አክስቴ፣ እርስዎ ይግቡ። ዶሮዋ አትገባም።»

«የእናቴን ዘር ነው የምትመልሽው!»

«አዎ።»

አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ዶሮዋ ግን አልገባችም። ዓመት ሙሉ አኩርፈውኛል።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዶሮ እርባታ ሠርቻለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ የፈንግልን መድኃኒት ይጠይቁኛል። የታመመችውን የሚያድን መድኃኒት የለም። ክትባት አለ፤ ሳይታመሙ በፊት ስጡ። አዲስ ዶሮ ለብቻዋ አቆዩ፣ የእናታችሁም ብትሆን። የመጀመሪያዋ ዶሮ የሞተች ዕለት ደግሞ ለአለቃችሁ ተናገሩ። እኔ አልተናገርኩም፤ አያ ቢምረው አሥራ ሰባት ቀን ታሰሩ።