ሳይለካ የተፈረደበት ፍሪጅ

ይመዝገብልኝ የምለው በደል ይህ ነው። ጭሮ ውስጥ፣ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ፣ ፍሪጄ «የግቢውን መብራት በላ» ተብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሶኬት ተነቅሎ ቆመ። ይብላ አይብላ ግን ማንም አልለካም። ሰው ሥጋ ሲገዛ ያስመዝናል፤ ጨርቅ ሲገዛ በክንዱ ይለካል። የእኔ ፍሪጅ በአፍ ብቻ ተፈረደበት። የልጅ ልጆቼ «አኮ፣ አያታችን፣ ለፍሪጅ ነው እንዴ እስከ ዛሬ የምትቆጪው?» ይሉኛል። አዎ፣ ለፍሪጅ ነው። በትንሽ ነገር ፍርድ ያጓደለ በትልቁ ምን ሊያደርግ ነው?

ጊዜው የደርግ ነበር። እኔ ደጃፌ ላይ የሎሚ ጭማቂ እሸጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ሰው ሁሉ የሚፈልገው ቀዝቃዛ ነገር ነው። ጭማቂውን በሸክላ ማሰሮ አድርጌ፣ እርጥብ ጆንያ ጠቅልዬበት ጥላ ውስጥ አቆየዋለሁ። አንድ ቀን አንድ ሹፌር ቀመሰና ብርጭቆውን መለሰልኝ። «ይኼ ነው ቀዝቃዛ? ይኼማ ትኩሳት ያለበት ሰው ትንፋሽ ነው!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በሆዴ ግን ማልሁ። በሳምንቱ የሰርጌን አምባር ሸጬ ሚኤሶ ወረድኩ።

ሚኤሶ ባቡር የሚያልፍባት የቆላ ከተማ ናት፤ ጭሮ የማይገኝ ዕቃ እዚያ ይገኛል። ወንድሜ እዚያ ይኖር ስለነበር፣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሁለት ያገለገሉ ፍሪጆች እንዳሉት ነግሮኛል። ሱቁ ስገባ ልቤ ዘለለ! አንደኛው ረጅም፣ ባለ ሁለት በር፣ እጀታው እንደ መስታወት የሚያበራ ነው። ሌላዋ ደረቴ ድረስ የምትመጣ፣ ቀለሟ የተላላጠ ናት። በሯ ግን ወፍራም ነው፤ ስዘጋው ግጥም ይላል። የትልቁን በር ስዘጋው በጎኑ ጣቴ አለፈ።

«ትልቁን ውሰጂ እንጂ እህቴ» አለኝ ነጋዴው። «ዋጋቸው አንድ ነው። ትንሿ የልጆች መጫወቻ ናት።»

«መብራት አብዝቶ የሚበላው የትኛው ነው?»

«ፍሪጅ ፍሪጅ ነው። ሁሉም ይበላል።»

«ሰውም ሁሉ ይበላል። አንተና እኔ ግን እኩል አንበላም» አልኩት። ሆዱ ከቀበቶው አልፎ ተንጠልጥሏል። ጨርቅ ሊገዙ የመጡት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። እሱም ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ደግሞ የምለምነውን እምቢ ሊለኝ አልቻለም።

የለመንኩት ይህን ነበር። ዛሬ ትልቁን ብቻ ይሰካልኝ፤ ነገ ትንሿን ብቻ። ሌላ መብራት አይብራ፣ በሮቹን ማንም አይክፈት። በሁለቱም ውስጥ አንድ አንድ ጀሪካን ውሃ አስቀምጣለሁ። ቆጣሪውን ጠዋት ሱቅ ሲከፈት አያለሁ፣ ለቀትሩ የዝሁር ሶላት ሲዘጋ ደግሞ አያለሁ። መሠረተ ትምህርት ከሰጠኝ ነገር ሁሉ የወደድኩት ቁጥር ነው። ፊደሉ ያስቸግረኝ ነበር፤ ቁጥር ግን አይዋሽም፣ አያዳላም። የብስኩት ካርቶን ቀድጄ፣ እርሳስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ቆጣሪው ሥር ተቀመጥኩ።

ቆጣሪ ሆዱ ውስጥ ቀይ ምልክት ያለባት ሳህን አለችው። መብራት ሲበላ ትዞራለች። በትልቁ ቀን ሳህኗ ያለ ዕረፍት ስትሮጥ ዋለች፤ እስከ ዝሁር ሦስት ቁጥር ዘለለ። በማግስቱ ትንሿ ተሰካች። ሳህኗ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ ቀጥ አለች።

«ቆመች!» ብዬ ጮህኩ። «ወላሂ ቆመች!»

ነጋዴው ዕቃ የወደቀበት መስሎት ሮጦ መጣ። ፍሪጇ ቀዝቅዛ ጠግባ አርፋለች። ጥቂት ቆይታ ትነሳለች፣ መልሳ ታርፋለች። እስከ ዝሁር አንድ ቁጥር ብቻ ዘለለ። ውሃውን ከሁለቱም ቀምሻለሁ፤ የትንሿ እንዲያውም ጥርስ ያማል! ነጋዴው ራሱ ቀምሶ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ትልቁን ለቤቴ ላስቀር አስቤ ነበር። አብሽሪ፣ ከጉድ አወጣሽኝ» አለ።

ትንሿን በጭነት መኪና፣ በማሽላ ጆንያዎች መሃል አቁሜ፣ እንደ ሙሽራ አቅፌያት ዳገቱን ወጣን። ጭሮ ስንገባ ግቢው ሁሉ በእልልታ ወጣ። የግቢያችን ትልቅ ሰው ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤታቸው ለደስታዬ ብለው ዳንቴል ሠሩልኝ፤ ነጭ፣ ከፍሪጇ አናት እስከ መሬት የሚደርስ፣ ፊቱን ለበሩ የከፈቱለት። ከኋላ ድርብ ነው። አለበስኳት፣ ጥግ ከግድግዳው አስጠግቼ አቆምኳት። እንዴት እንዳማረች!

ጭማቂዬ ስሙ ወጣ። ያ ሹፌር ሳይቀር ተመልሶ መጣና ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ «ትኩሳቱ ለቀቀው» አለ። ጎረቤቶቼም የጫት እስራቸውን ሳይጠወልግ እንዲያድርላቸው እኔ ጋ ያስገቡ ጀመር፤ ሐጂም ጭምር።

ወሩ ሲያልቅ ሐጂ ግቢውን ሰበሰቡ። ቆጣሪው ያለው በእሳቸው ቤት፣ ወንዶች ከሚቅሙበት ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። ክፍያውን የሚያደርሱት እሳቸው፣ በየቤቱ አምፖል ቁጥር የሚያካፍሉትም እሳቸው ናቸው።

«መብራቱ በጣም ጨምሯል» አሉ። «አዲስ የገባ ነገር ፍሪጁ ነው። ይነቀል።»

«ሐጂ፣ የበላሁትን ልክፈል። ግን ስንት እንደበላሁ ማን ለካ?»

«ይህ መለካት ያስፈልገዋል እንዴ? ፍሪጅ እኮ ነው!»

«ማሎ፣ እባክዎ፣ አንድ ቀን ይለካ።»

«ሴት ልጅ ቆጣሪ ሥር ቁጭ ብላ ልትውል ነው?» አለ አንዱ። ሳቁብኝ። ጫታቸው ፍሪጄ ውስጥ እያለ ሳቁብኝ! የልጆቼ አባት ሰላም ወዳድ ሰው ነው፤ ክንዴን ይዞ ወደ ቤት አስገባኝና ሶኬቱን በገዛ እጁ ነቀለው። እኔም የፍሪጇን በር ከፍቼ የእያንዳንዱን የጫት እስር፣ ባለቤቱን በስሙ እየጠራሁ መለስኩ።

ሁለት ሳምንት ቆየሁ። በሦስተኛው አርብ፣ ወንዶቹ ከጁምዓ ተመልሰው ሲቀመጡ፣ ካርቶኔን ይዤ በመሃላቸው አለፍኩና ቆጣሪው ሥር ቆምኩ።

«አስተግፊሩላህ! ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ።

«ዛሬ የሁላችሁም መብራት ይጥፋ፣ የእኔ ፍሪጅ ብቻ ይሰካ። ከበላች እኔው ራሴ አውጥቼ እሸጣታለሁ።»

ቀን ስለነበር መብራት የሚፈልግም አልነበረም። የልጆቼ አባት ሰካው። ሳህኗን አየሁ። ትሮጣለች! የሚኤሶው ትልቁ ፍሪጅ እንደሮጠው ትሮጣለች። እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ አንዴም አልቆመችም። «እህ?» አለ አንዱ። ዐይኔ እያየ አልዋሽም። «በልታለች» አልኩና ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ፍሪጇን በዳንቴሉ ላይ እንዳቀፍኳት፣ ከጀርባዋ ያለው እጄ ተቃጠለ። ሚኤሶ ሳለች ጀርባዋ ለነፋስ የተገለጠ ነበር። እኔ በነጭ ዳንቴል ድርብ አድርጌ ጠቅልዬ፣ ከግድግዳ አጣብቄ አፍኛታለሁ! ሙቀቷን የት ታውጣው? ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይህም ይመዝገብ። ዳንቴሉን ገፈፍኩት። አንድ ክንድ ከግድግዳው ሳብኳት። ሮጬ ተመለስኩና «ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ጠብቁኝ!» አልኩ።

ጠበቁኝ። አሁን እነሱም ጓጉተው ወደ ግድግዳው አንጋጥጠዋል። ሳህኗ ዞረች። ዘገየች። ቀጥ አለች።

«ቆመች!» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የሳቀብኝ ሰውዬ ነው። ተነስቶ አጨበጨበ። ጫት አፉ ውስጥ እንዳለ ሌላውም ተነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሪጄ አልተነቀለችም፤ በየወሩ የእሷን ድርሻ ለክቼ እናገራለሁ፣ ግቢው ይቀበላል።

ሐጂ ግን ለምን ሳይለኩ እንደፈረዱብኝ ሳይነግሩኝ ለመግሪብ ሶላት ተነስተው ሄዱ። እኔ ደግሞ መልስ ሳላገኝ የምተኛ ሰው አይደለሁም። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር እጠይቃቸው ነበር። አንድ ረፋድ ብቻቸውን መጡና ደጃፌ ላይ ካለችው በርጩማ ተቀመጡ። ጭማቂ ሰጠኋቸው።

«ሐጂ፣ ቆጣሪው ስንት ዓመት ከራስዎ በላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ቀና ብለው ሳያዩት ለምን ፈረዱብኝ?»

ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ግራ ቀኝ አዩ፤ ሰው የለም።

«አይቼዋለሁ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በየቀኑ አየዋለሁ። የቁርኣኑን ቁጥር አነባለሁ፤ ይህን የፈረንጁን ግን አላውቀውም። ይህን ለማን እናገራለሁ?»