አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ በር

ወንድሜ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ሻይ እያማሰለ ሳለ ነው። እጁ ማንኪያውን ለቀቀ፣ እግሩም ተከተለው። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ «ጋሼ፣ ግማሽህ ጡረታ ወጥቷል፤ የቀረውን በትርፍ ሰዓት እናሠራዋለን» አልኩት። በግማሽ ፊቱ ሳቀ። የቀረውን ግማሽ እኔ ሳቅኩለት።

ጋሼ ናይሮቢ ያስመጣኝና ኤርፖርት ጭነት ክፍል ሥራ ያስገባኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሚስትም ልጅም የለውም፤ የነበረው እንግዳ ነው። ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለው ቤታችን ሰው ሳይመጣበት የዋለ ቀን ትዝ አይለኝም። እንግዳ ሲሄድ ደግሞ ጋሼ እስከ በር አይሸኝም፤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ማቆሚያ ድረስ ይሄዳል፣ ማታቱ ከዘገየ እንግዳውን መልሶ እራት ያበላዋል። አንዱን ሸኛለሁ ብሎ ሞምባሳ ደርሶ ተመልሷል እያልኩ አወራበት ነበር። ከታመመ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰው መሸኘት ልቻል። ሌላውን ተወው።»

ሰፈራችን ውስጥ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ፣ ጂም የምትባል ክፍል ነበረች። ባለቤቱ ያገራችን ሰው ነው፤ ድሮ የስፖርት አስተማሪ የነበረ፣ በስደት የመጣ ጴንጤ። ክብደቶቹ ብየዳ ቤት የተሠሩ ናቸው። መሮጫ ማሽኑ ሲነሳ እንደ አንቶኖቭ አውሮፕላን ስለሚጮኽ ከታች ያለው ሥጋ ቆራጭ ሥራውን አቁሞ ወደ ላይ ያያል። ባለ ጂሙና እኔ ጋሼን ግራና ቀኝ ይዘን፣ እንደ ሙሽራ እያጀብን ደረጃውን እናወጣዋለን። ከዚያ ባለ ጂሙ ጋሼ ፊት ይንበረከክና ጣቶቹን አንድ በአንድ ያዘረጋለታል። «አንድ፣ ተባረኩ። ሁለት፣ ተባረኩ።» እኔ «በዚህ አያያዝ ጋሼ ሳይድን ይጸድቃል» እል ነበር። ግን ዳነ ማለት ይቻላል። በስምንተኛው ወር ገደማ አንዲት እንግዳ እስከ ግቢው በር ሸኘ። ተመልሶ ሲቀመጥ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር፤ ፊቱ ግን ሎተሪ የደረሰው ሰው ፊት ነው።

በዚያ ዘመን፣ የስልክ ካርድ እየፋቅን በምንሞላበት ጊዜ፣ አንድ ሃያ አራት ሰዓት የማይዘጋ ጂም የሀብታሞቹ ሰፈር ላቪንግተን ተከፈተ። ዓመት ሳይሞላው መሃል ከተማ ሌላ ተከፈተ፣ ከዚያ ሌላ። ማታ ባዶ ያየኸው ቦታ ጠዋት ጂም ሆኖ ይጠብቅሃል። የላቪንግተን ውሾች ሳይቀሩ አባል ሆነዋል ይባል ነበር፤ የሚለውም እኔ ነበርኩ። አሠራሩ ፍራንቻይዝ ነው፤ ስሙን፣ ቀለሙንና ማሽኑን እነሱ ይሰጡሃል፣ አንተ ቤትና ላብ ታመጣለህ። የኛም ባለ ጂም ፈረመ። አልፈርድበትም፤ ወጣቱ ሁሉ ወደዚያ እየሄደበት፣ ከጋሼና ከእኔ ሌላ ደንበኛ አልቀረውም ነበር። አዲሱን ቤት ምድር ቤት አደረገው። «ደረጃ የለውም። ለጋሼ ብዬ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

መግቢያው የመስታወት ቱቦ ነው። ካርድ ስታስነካ ይከፈታል፣ ስትገባ ከኋላህ ይዘጋል፣ ብቻህን መሆንህን ሲያረጋግጥ በወዲያ በኩል ያስወጣሃል። ቤቱ ሌሊት ያለ ሠራተኛ ስለሚያድር፣ ሁለት ሰው ተጣብቆ እንዳይገባ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሄድን፤ ለየራሳችን ካርድ አውጥተናል።

«ግባ» አለኝ ጋሼ።

«አንተ ቅደም እንጂ።»

«አይሆንም፣ ቅደም።»

«በሞቴ ጋሼ። ታላቄን ቀድሜ ብገባ እማዬ ከመቃብር ተነስታ ትቆነጥጠኛለች።»

«እኔ ፈቅጃለሁ። ቅደም።»

ከኋላችን ሰው ተሰለፈ። ሁለት ሐበሾች በር ላይ ሲገባበዙ ናይሮቢ ለምዶታል፤ ቆመው ጠበቁን። እኔም ጨዋታው ደርቶልኝ ሌላ መሐላ ሳስብ፣ ክንዴን የያዘው ደህናው እጁ አልለቅ ሲለኝ ተሰማኝ። ግብዣ አልነበረም። ያለ እኔ ቱቦው ውስጥ መቆም ፈርቶ ነው።

አቅፌው አብረን ገባን። አንዲት የማትታይ ሴት በእንግሊዝኛ፣ እባካችሁ አንድ በአንድ አለችን። ወጣን። ከዘራውን ከእኔ ተቀብሎ ብቻውን ገባ። ማሽኑ ጋሼን ከነከዘራው ሁለት ሰው ብሎ ቆጠረው። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቀልድ ዓመት ሙሉ አወራው ነበር። ጋሼ ወጥቶ ከዘራውን ሰጠኝና ተመልሶ ገባ። ከኋላው ተዘጋ፤ የፊቱ ገና አልተከፈተም። በመስታወቱ ውስጥ ጉልበቱ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ አየሁት፤ እየተንሸራተተ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ማዶ መሮጫ ላይ ያሉት እያዩት ይሮጣሉ። እኔ ከዘራ ይዤ ውጭ ቀረሁ።

ባለ ጂሙ ቁልፍ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሰልፍ ላይ የነበረ አንድ ወጣት «ፖሌ ሳና፣ ምዜ» እያለ ከእኔ ጋር አነሳው። ኬንያውያን ለሽማግሌ የሚያዝኑት እንዲህ እያሉ ነው።

«የጎን በር የለህም?» አልኩት ባለ ጂሙን።

«አለ። እሱ ሲከፈት ዋናው ቢሮ ደወል ይጮሃል። ሲደጋገም ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

«በየቀኑ አንተ ክፈትለት፣ ይጩህ።»

«ቤቱ የእኔ ነው፣ በሩ የእነሱ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጋሼ «ወደ ቤት» አለ። ሁለተኛ አልሄደም። ሌላ ቦታ አለ ብዬ ብለምነውም እምቢ አለኝ።

ባለ ጂሙ እቤት እየመጣሁ አሠራዋለሁ አለ፤ መጣም። ግን የማይዘጋ ቤት ያለው ሰው መቼ ወጥቶ ይመጣል? በየሳምንቱ የነበረው በየወሩ ሆነ። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፈተ፣ ከዚያ ጭራሹን ጠፋ። እኔ የጋሼን ጣቶች ላዘረጋ ስሞክር ያመዋል። እጁ እያደር ተጨበጠ፣ እግሩም ከወንበሩ አልላቀቅ አለ።

አንድ እሑድ ባለ ጂሙ ከቸርች ሲመለስ፣ ለሦስተኛው ቅርንጫፍ ምረቃ ሊጠራን መጣ። ሻይ ጠጣ። የጋሼን እጅ አየና ስለ ቀለሙ፣ ስለ ማሽኑ የጀመረውን ወሬ አቋረጠው። ሊሄድ ሲነሳ «አይነሱ ጋሼ» አለ፣ ሁሉም እንግዳ እንደሚለው።

ጋሼ አልተነሳም። «በል እንግዲህ፣ ደህና ሁን» አለው ከተቀመጠበት።

ሰውየው የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ደጋግሞ ጠራ፣ አላነሳውም። እኔም ተነስቼ ሻይ ደገምኩለት።